ሕግ አውጪ ከየት ይመጣል? ሚኪ ሌላንድ ከኦስቲን እስከ ጋምቤላ

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፤ ፍልሰታ የገባበት ዕለት። ክረምቱ በርትቶ፣ ተራራው ሁሉ ደመና ለብሶ ሳለ፣ አንዲት ባለ ሁለት ሞተር ትዊን ኦተር አውሮፕላን አሥራ ስድስት ሰዎች አሳፍራ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ተነሣች። አውሮፕላኗ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበረች፤ መድረሻዋም በሱዳን ድንበር አቅራቢያ የሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ነበር። አልደረሰችም። ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ከተራራ ጋር ተላትማ ተገኘች፤ ከተሳፋሪዎቹም የተረፈ አልነበረም። ከሟቾቹ ሰባቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዘጠኙ አሜሪካውያን ነበሩ። ከዘጠኙ አንዱ ከቴክሳስ ግዛት የተመረጡት የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ጆርጅ ቶማስ ሌላንድ ሲሆኑ፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ግን ሚኪ በሚለው ስም ነበር።

የዚያን ዘመን ሬዲዮ ያዳመጠ ሰው ሌላንድን የሚያስታውሳቸው «ጋምቤላ ላይ የሞቱት አሜሪካዊ» በማለት ነው። ይህ ትዝታ ባይከፋም ጎዶሎ ነው። ሰውየው ወደ ፉኝዶ የበረሩት እንደ በጎ አድራጊ ሳይሆን እንደ ሕግ አውጪ ነበር፤ ሕግ አውጪነትን የተማሩት ደግሞ ዋሽንግተን ሳይደርሱ፣ ኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ነው። የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ከሥሩ በተናጋበት፣ የቴክሳስ ምክር ቤትም በምርጫ ወረዳ ክለላ ምክንያት የዓለም ዜና በሆነበት በዚህ ወቅት፣ የእኚህን ሰው መንገድ ደረጃ በደረጃ መመልከት ብዙ ነገር ያስረዳል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌላንድ የተወለዱት በ1944 በሰሜን ምዕራብ ቴክሳስ፣ ለቦክ ከተማ ነው። ያደጉት ግን ሂዩስተን ውስጥ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ በእናታቸው እጅ ነበር። በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ተምረው በ1970 ተመረቁ፤ ጥቂት ጊዜም እዚያው አስተማሩ። ዘመኑ የጥቁሮች የመብት ትግል የተጋጋለበት በመሆኑ ወጣቱ ሌላንድም ከተቃውሞው መካከል አልጠፉም። የኋላ ሥራቸውን የሚያስረዳው ግን ከሰልፉ ይልቅ ሌላው ተግባራቸው ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር በድሃ ሰፈሮች በር እያንኳኩ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ የማያውቀውን ሰው በደጁ የጤና ምርመራ እንዲያገኝ የሚያደርግ ዘመቻ አደራጅተው ነበር። ታማሚው እስኪመጣ ከመጠበቅ እሱ ወዳለበት መሄድ፣ ያዩትን መመዝገብ፣ የመዘገቡትን ይዞ ሥልጣን ያለው አካል ዘንድ መቅረብ፤ ይህ የፋርማሲስቱ ልማድ እስከ ጋምቤላ ድረስ አብሯቸው ሄዷል።

ወደ ኦስቲን ያስገባቸው ግን የግል ችሎታቸው ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሂዩስተን ባለችበት ሃሪስ ካውንቲ አንድ ሰፊ የምርጫ ወረዳ በአንድ ጊዜ ብዙ ተወካዮችን ይመርጥ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ወረዳ ውስጥ አንድ ሰፈር ሙሉ በሙሉ አንድን ዕጩ ቢደግፍ እንኳ ድምፁ በብዙኃኑ ነጭ መራጭ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። በ1971 የግዛቱ የምርጫ ወረዳ ክለላ ቦርድ ካውንቲውን አንድ ወረዳ አንድ ተወካይ ወደሚመርጥበት አሠራር ለወጠው፤ በ1972ም ሌላንድን ጨምሮ ከጥቁር ሰፈሮች የመጡ ወጣቶች ተመረጡ። ካርታው ተቀየረና ሰዎቹም ተቀየሩ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የቴክሳስ ምክር ቤት ከሩቅ ለሚያየው ግራ የሚያጋባ ተቋም ነው። 150 አባላት ያሉት የተወካዮች ቤትና 31 አባላት ያሉት ሴኔት አለው፤ መደበኛ ስብሰባው ግን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ለ140 ቀናት ብቻ ነው። የአባላቱ ደመወዝ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ዛሬም ከ7,200 ዶላር የዓመት ክፍያ ፈቅ አላለም። በዚህ ገንዘብ ቤተሰብ ቀርቶ ራስን ማስተዳደር አይቻልም። በመሆኑም አባል የሚሆነው ባብዛኛው ጠበቃ፣ ነጋዴ ወይም የመሬት ከበርቴ ነው፤ አፍሮ ፀጉር ያሳደገና ዳሺኪ የሚባለውን የምዕራብ አፍሪካ ሸሚዝ የለበሰ የፊፍዝ ዋርድ ፋርማሲስት በዚያ አዳራሽ ብቅ ማለቱ ራሱ ክስተት ነበር። አለባበሱ ወሬ ሆነ፤ ሥራው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ሌላንድ በኦስቲን ካስጸደቋቸው ሕጎች መካከል አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት አሮጊት የደም ግፊት መድኃኒት ታዞላት የሐኪም ወረቀት ይዛ ፋርማሲ ገባች እንበል። ሐኪሙ የጻፈው የታወቀውን የንግድ ስም ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ፋርማሲስት በመደርደሪያው ላይ ያው ንጥረ ነገር ያለበት፣ ዋጋው ግን በእጅጉ የረከሰ ጄነሪክ እንዳለ ያውቃል። ይሁንና በዚያን ዘመን በየግዛቱ የነበሩት ሕጎች የታዘዘውን ስም በሌላ መለወጥን ስለሚከለክሉ እጁ የታሰረ ነው። አሮጊቷ ወይ ውዱን ትገዛለች፣ ወይ ግማሹን ገዝታ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠውን በሁለት ቀን አንዴ ታደርገዋለች፣ አለዚያም ባዶ እጇን ትመለሳለች። እኛ ዘንድ «ርካሹ የለም ወይ?» ብሎ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ሌላንድ ይህንን ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ስለሚያውቁት፣ ለድሃው ርካሽ ጄነሪክ መድኃኒት እንዲዳረስ የሚፈቅደውን ሕግ ገፍተው አስጸደቁ። የመድኃኒት አምራቾች በየግዛቱ አጥብቀው የሚቃወሙት ዓይነት ሕግ ስለነበር፣ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ጩኸት ሳይሆን ቆጠራ ነበር፤ ማን ይደግፋል፣ ማን ያመነታል፣ የሚያመነታው ምን ቢሰጠው ይመጣል የሚለው ቆጠራ።

ቆጠራው ሲጎድል ምን እንደሚሆንም እዚያው አይተዋል። በ1974 የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች እንደ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ተቀምጠው፣ በ1876 የወጣውን የግዛቱን ሕገ መንግሥት በአዲስ ለመተካት ከጥር እስከ ሐምሌ ሲከራከሩ ቆዩ። የሰባት ወሩ ልፋት በመጨረሻው ቀን በሦስት ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። ሌላንድ የጉባኤው አባል ነበሩ። ከዚያ ውጭ በበጀት ኮሚቴ ሠርተዋል፣ የእስር ቤቶችን ይዞታ ለማሻሻል በተቋቋመው የጋራ ኮሚቴም በምክትል ሰብሳቢነት አገልግለዋል። በጀትና እስር ቤት ለአፍ የሚጥሙ ርዕሶች አይደሉም። ገንዘብ በመንግሥት መዝገብ ላይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ የሚታወቀው ግን እዚያ ነው፤ አብዛኛው ተናጋሪ ፖለቲከኛ የማይማረውም ይህንኑ ነው።

በ1977 መጨረሻ ባርባራ ጆርዳን ከኮንግረስ እንደሚለቁ አስታወቁ። ጆርዳን በ1967 ወደ ቴክሳስ ሴኔት ሲገቡ ከ1883 ወዲህ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴናተር ነበሩ፤ በ1972 ደግሞ ለአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ። የተመረጡበት 18ኛው የምርጫ ወረዳ ሲካለል እሳቸው ራሳቸው በግዛቱ ሴኔት የክለላ ኮሚቴ ውስጥ በምክትል ሰብሳቢነት ተቀምጠው ነበር። ይህንን የምጠቅሰው ለሐሜት አይደለም፤ መሰላሉ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያሳይ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት የብሔራዊው ምክር ቤት ወረዳዎች ወሰን የሚሰመረው ባብዛኛው በየግዛቱ ምክር ቤቶች ነው። ስለዚህ የግዛት ምክር ቤት ወደ ኮንግረስ ለሚሄድ ሰው ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የበሩ ቁልፍ የሚቀረጽበት ቤትም ነው። ሌላንድ የዴሞክራቶቹን ቅድመ ምርጫ በመለያ ድምፅ አሸንፈው በጥር 1979 የጆርዳንን ወንበር ያዙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከዚያ ወንበር የነቀነቃቸው አልነበረም።

ዋሽንግተን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፉት በንግድና ኢነርጂ፣ በፖስታ አገልግሎትና በመሳሰሉት ኮሚቴዎች ነው። ስፓኒሽ አቀላጥፈው ስለሚናገሩ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ዜጎች በቋንቋቸው የምርጫ ወረቀት እንዲያገኙ የሚያዘው የሕግ አንቀጽ አደጋ ላይ ሲወድቅ ከምክር ቤቱ መድረክ ላይ በስፓኒሽ ተከራክረዋል። ከሂዩስተን ድሃ ሰፈሮች የተመረጡ ጥቁር ወጣቶችን በየክረምቱ ኪቡትዝ ወደሚባሉት የእስራኤል የጋራ እርሻ መንደሮች የሚልክ ፕሮግራምም መሥርተዋል። በኋላም የኮንግረሱን የጥቁር አባላት ማኅበር በሊቀመንበርነት መርተዋል። ስማቸውን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ግን በ1984 መጀመሪያ ላይ የተቋቋመው የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው እንዲቋቋም ከኒው ዮርኩ ሪፐብሊካን ቤንጃሚን ጊልማን ጋር ሆነው የገፉት እሳቸው ነበሩ፤ የመጀመሪያው ሊቀመንበርም ሆኑ።

ይህ ኮሚቴ ምን ነበር? በአሜሪካ ኮንግረስ አሠራር ቋሚ ኮሚቴ ረቂቅ ሕግ ይመረምራል፣ ያሻሽላል፣ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ልዩ ኮሚቴ ግን ባብዛኛው ይህ ሥልጣን የለውም፤ የረሃብ ኮሚቴውም አልነበረውም። የሚችለው ምስክር መጥራት፣ ማጥናት፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ያየውንም ሪፖርት አድርጎ ሥልጣን ያላቸውን ኮሚቴዎች መጎትጎት ብቻ ነበር። ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው ብለው ያጣጣሉት አልጠፉም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሌላንድ ለዚህ ዓይነቱ ኮሚቴ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ፤ በር እያንኳኩ ጤና የመረመሩ ሰው «ሄዶ ማየት» የሚባለው ሥልጣን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ያውቁታል።

ኮሚቴው ገና ዓመት ሳይሞላው የ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። በጥቅምት 1984 የቢቢሲ ካሜራ የኮረምን ሜዳ ለዓለም ሲያሳይ፣ ዋሽንግተን ውስጥ የነበረው ትልቁ ጥያቄ ምግብ አለ ወይስ የለም የሚል አልነበረም፤ የአሜሪካ ጎተራ ሞልቶ ነበር። ጥያቄው ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለተሰለፈው ለደርግ መንግሥት እህል ይላካል ወይ የሚል ነበር። አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን የልማት ዕርዳታ አቋርጣለች፤ ከ1980 ጀምሮም አዲስ አበባ ውስጥ አምባሳደር አልነበራትም። የሬገን አስተዳደር በስተመጨረሻ «የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም» የሚል አቋም ያዘ። አባባሉ ያማረ ቢሆንም እህሉን ጭኖ የሚያወርደው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ደግሞ ኮንግረሱ ነው።

እዚህ ላይ የኦስቲን የበጀት ኮሚቴ ትምህርት ይታያል። በአሜሪካ ለአንድ ጉዳይ ገንዘብ እንዲወጣ በመጀመሪያ ሥራው እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ፣ ቀጥሎ ደግሞ ገንዘቡን ከካዝናው የሚደለድል ሌላ ሕግ ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ሌላው ወረቀት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ሲጸድቅ ጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላንድና ባልደረቦቻቸው ሁለቱንም እግር በእግር ተከታተሉ፤ በ1985 የጸደቀው የአፍሪካ ረሃብ ዕርዳታና ማገገሚያ ሕግ ከድልድሉ ጋር ሆኖ 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለምግብና ለነፍስ አድን ዕርዳታ አስገኘ። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ሰው ትከሻ አይመጣም። የሚዙሪው ሪፐብሊካን ቢል ኤመርሰን፣ የኦሃዮው ዴሞክራት ቶኒ ሆልና ሌሎችም አብረው ገፍተዋል። ሆልም ወደ ዋሽንግተን ከመምጣታቸው በፊት በኦሃዮ ግዛት በሁለቱም ምክር ቤቶች ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በ1979 ከሌላንድ ጋር በአንድ ቀን ነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት።

ሌላንድ በየንግግራቸው የሚያነሷት አንዲት ልጅ ነበረች። ሱዳን ውስጥ በአንድ የስደተኞች መጠለያ ያገኟት ይህች ልጅ ዕድሜዋ አሥራ አራት ገደማ ቢሆንም፣ ረሃብ የስድሳና የሰባ ዓመት አሮጊት አስመስሏታል። ስለ እሷ አስጎብኚያቸውን ለመጠየቅ ዞር ብለው ሲመለሱ ልጅቷ አርፋለች። ፊቷን በየቀኑ አየዋለሁ ይሉ ነበር። ይህ ታሪክ በኮሚቴ ችሎት ሲነገር የሚሠራው ሥራ አለ፤ በሠንጠረዥ የቀረበ ቁጥር የማያነቃውን የምክር ቤት አባል ቀና ያደርገዋል። ሌላንድ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበርና ባልደረቦቻቸውን እየያዙ ደጋግመው ወደ አፍሪካ ተመላለሱ።

ከመራጮቻቸው በኩል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም፤ የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ተርቦ እያደረ ተወካያችን አፍሪካ ምን ይሠራል የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌላንድ በክርስትና ትምህርት ማደጋቸውንና ከወንድሞች ሁሉ የሚያንሰውን መርዳት ግዴታቸው መሆኑን በመጥቀስ ይመልሱ ነበር። መልሱ ልብ የሚነካ ነው፤ ተንታኝ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ከምርጫ ወደ ምርጫ የሚያሰጋ ተፎካካሪ ያለበት ተወካይ ዓይኑን ከወረዳው አይነቅልም፤ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጥ ሰው በእጁ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሌላንድ ዓለምን ለማየት ነፃነት ያገኙት ወረዳቸው የማያስጋ ወረዳ ስለነበር ነው። በሌላ አነጋገር፣ ኮረም ድረስ የዘለቀው የእህል ጉዞ አንዱ ጫፍ ሂዩስተን ውስጥ በተሰመረ የወረዳ ወሰን ላይ የታሰረ ነበር።

ወደ 1981 ዓ.ም. ክረምት እንመለስ። ደርግ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በተደረገው የጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተናግቶ ሦስት ወሩ ነበር፤ ሞስኮም ፊቷን ማዞር ጀምራለች። በምዕራቡ ድንበር በኩል ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፉኝዶ ሰፍረዋል፤ ብዙዎቹ ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ስንሰደድ እንጂ ስናስጠጋ እምብዛም የማይወራልን ስለሆነ፣ ያቺ አውሮፕላን የበረረችው የራሳችንን ረሃብተኛ ለማየት ሳይሆን እኛ ያስጠጋናቸውን ለማየት እንደነበር ማስታወሱ ክፋት የለውም። ሌላንድ የሄዱት የጣቢያውን ይዞታ አይተው ለኮሚቴያቸው ሪፖርት ለማቅረብ ነው። አውሮፕላኗ ስትጠፋ፣ ለዓመታት አምባሳደር ያልተለዋወጡት ሁለቱ መንግሥታት አብረው ፈለጓት፤ የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች በደርግ ፈቃድ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ በረሩ። ነሐሴ 7 ቀን 1981 ዓ.ም. ስብርባሪው ተገኘ። ሌላንድ ገና አርባ አምስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ መንታ ልጆቻቸውም ከአምስት ወር በኋላ ተወለዱ።

ስማቸው በሂዩስተን አውሮፕላን ማረፊያ ዓለም አቀፍ ተርሚናልና በከተማዋ የፌዴራል ሕንፃ ላይ ተጻፈ። የሕፃናትን ረሃብ ለመከላከል የአሜሪካን የምግብ ድጎማ ያሻሻለ ሕግ በ1993 በስማቸው ጸደቀ። ኮሚቴያቸው ግን በዚያው በ1993 በጀት ለመቆጠብ በሚል ፈረሰ። ከሌላንድ በኋላ ሊቀመንበር የነበሩት ቶኒ ሆል ውሳኔውን በመቃወም ለሃያ ሁለት ቀን ጾሙ፤ ኮሚቴው ባይመለስም ከጾማቸው በኋላ የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል የሚባል ድርጅት ተመሠረተ። ድርጅቱ በኤመርሰንና በሌላንድ ስም ወጣቶችን ለዓመታት ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሕንፃው ቆሞ፣ ማዕከሉ ቀጥሎ፣ ረሃብን ብቻ የሚመለከት የምክር ቤት አካል ግን እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ የለም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በቅርቡ ታይቷል። በሰኔ 2023 የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) የዕርዳታ እህል ተዘርፏል ብሎ ለመላው ኢትዮጵያ የሚሰጠውን ምግብ ለወራት ሲያቋርጥ፣ ውሳኔው የአስፈጻሚው እንጂ የምክር ቤት አልነበረም። በ2025 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ፈርሶ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወረ። በዚያው ወር ኮንግረሱ ቀደም ሲል ራሱ የደለደለውን 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ሰረዘ፤ ከዚህ ውስጥ 8 ቢሊዮን የሚያህለው የውጭ ዕርዳታ ነበር። በተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻው ውጤት 216 ለ213 ነበር። ልዩነቱ ሦስት ድምፅ ነው፤ ልክ በ1974 ኦስቲን ውስጥ ያንን ሕገ መንግሥት እንደጣሉት ሦስት ድምፆች። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የአሜሪካን ዕርዳታ በብዛት ከሚቀበሉት ግንባር ቀደም ነበረችና፣ ስሌቱ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አልነበረም። ሌላንድ ቢኖሩ ይህን ያስቆሙት ነበር ለማለት አልደፍርም። ልናገር የምችለው፣ ሁለት ሦስት የሚያመነቱ አባላትን አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ መጠለያ ጣቢያ የሚወስድ ሊቀመንበር እንዳልነበረ ነው።

በአሜሪካ የሚኖረው ወገናችንም ከዚህ መንገድ የሚወስደው ነገር ያለ ይመስለኛል። የእኛ ሰው ኮንግረስን ያውቃል፤ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ይወጣል፣ ደብዳቤ ይፈርማል። የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። አውሮራና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በሚያዝያ 2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ እኚህ የአካባቢው ተወካይ ነበሩ። ኮፍማን ግን ወደ ኮንግረስ ከመግባታቸው ከሃያ ዓመት በፊት በኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ። ተወካይን ኮንግረስ ከገባ በኋላ ደጅ ከመጥናት፣ ገና በግዛቱ ምክር ቤት እያለ፣ ስብሰባው ባዶ ወንበር በሞላበት ጊዜ መተዋወቅ ይቀላል። አባቷ ከኢትዮጵያ የሄዱት ሳምራ ብሩክ በ2020 ለኒው ዮርክ ግዛት ሴኔት መመረጧ እንደሚያሳየውም በሩ ለልጆቻችን ክፍት ነው። ይሁንና በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አዳራሽ ሲወራ የምሰማው ስለ ግዛት ምክር ቤት ሳይሆን ስለ ዋይት ሐውስ ነው።

አሁን በይደር ወዳቆየነው ካርታ እንምጣ። ከሌላንድ በኋላ 18ኛውን ወረዳ የወረሱት ክሬግ ዋሽንግተን ከቴክሳስ ሁለቱም ምክር ቤቶች የመጡ ነበሩ። ቀጥሎ ሺላ ጃክሰን ሊ ከከተማው ምክር ቤት ተነሥተው ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆዩ፤ በሐምሌ 2024 አረፉ። በኅዳር የተመረጡት ሲልቬስተር ተርነር በቴክሳስ የተወካዮች ቤት ሃያ ሰባት ዓመት፣ በሂዩስተን ከንቲባነት ስምንት ዓመት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም በመጋቢት 2025 ሞቱ። ወንበሩ በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በሞት ተከፈተ፤ መራጩም ለወራት ያለ ተወካይ ቀረ።

በዚሁ መሐል የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች ለፓርቲያቸው አምስት ተጨማሪ የኮንግረስ ወንበር ያስገኛል የተባለ አዲስ የወረዳ ካርታ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ምልዓተ ጉባኤ እንዲኖረው ከ150ው አባላት 100 መገኘት አለባቸውና፣ ከሃምሳ በላይ ዴሞክራቶች በነሐሴ 2025 መጀመሪያ ግዛቱን ለቀው ወጥተው ስብሰባውን ለሁለት ሳምንት ያህል አገዱ። ተመለሱ፤ ነሐሴ 20 ቀን ካርታው በ88 ለ52 ድምፅ አለፈ። የሂዩስተን ወረዳዎች እንደገና ተበጣጠሱ፤ 18ኛውም ወሰኑ ተቀየረ፤ የጎረቤቱ 9ኛ ወረዳ ተወካይ አል ግሪንም ወረዳቸው ከእጃቸው ስለወጣ ፊታቸውን ወደ 18ኛው አዞሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በታኅሣሥ 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርታው ለ2026 ምርጫ እንዲውል ፈቀደ። ድምፁ የተሰጠበት አዳራሽ፣ አንድ ዳሺኪ የለበሰ ፋርማሲስት በጥር 1973 አዲስ በተሰመረ ወረዳ ተመርጦ የገባበት ያው አዳራሽ ነው።